በባትሪ ቀፎ የበቀለ ቆስጣ

ላብራቶሪ የሚባል ነገር ወደ ሰፈራችን ከመምጣቱ በፊት አፍንጫ ነበረ። ፊት ላይ የሚቀመጠውን ማለቴ አይደለም፤ ሰውየውን ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ የሰጡት ሰዎች ናቸው። ሚስቱም ብትሆን በስሙ የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው።

ሥራው ቅጠል ማብቀል ነው። ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ እጥፍ በሚልበት ጥግ፣ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይተክላል። ስሙን ያተረፈው ግን በአትክልት አይደለም። ወተቷን የተጠራጠረች ሴት ከማፍላቷ በፊት አንድ ብርጭቆ ይዛ ወደ እሱ ትሄዳለች። ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንዴ ሳብ ያደርጋል፣ ፍርዱን ይሰጣል።

"ዛሬ ጠጡት። ነገ ለድመቷም እንዳትሰጧት።"

ይግባኝ የለውም። አንድ ጊዜ ሥጋ ሻጩ "ትናንት የታረደ ነው" ብሎ ሲምል፣ አፍንጫ ወደ ውስጥ ሳይገባ በር ላይ ቆሞ፣ "ትናንት የታረደው ሌላ ነው፤ ይሄ አያቱ ነው" አለው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን የሥጋ ቤቱ ደንበኛ ዝንብ ብቻ ሆነ።

ወንዙም ቢሆን ከአፍንጫ የሚደብቀው ምስጢር አልነበረውም። ከላይ ቆዳ ፋብሪካ አለ፣ ከሱ ዝቅ ብሎ የክር ማቅለሚያ፣ ከዚያ ጋራዦች፣ ከዚያ ደግሞ እኛ ራሳችን። አፍንጫ ጠዋት ዳር ላይ ይቆምና "ዛሬ ጥቁር ጫማ ነው የሚሠሩት" ይላል። ፀሐይ ሞቅ ሳትል ውሃው ጠቁሮ ይመጣል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አንዴ ስብሰባ ላይ፣ "ውሃውን ቡናማ ሆኖ ነው የምንረከበው፣ ቡናማ አድርገን ነው የምንመልሰው፤ የጨመርንበት ነገር የለም" ብሎ አስጨብጭቧል። በሩ ላይ "አረንጓዴ ነገን እንገንባ" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሏል። ወንዙም አንዳንድ ቀን እውነትም አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል።

በዚህ ውሃ የበቀለውን ቅጠል ግን ብታዩት! ጃንጥላ ያክላል። ትል የሚባል አይደፍረውም። ገዢው ሁሉ "ትል ያልነካውን ስጠኝ" ይላል፣ ይሰጠዋል። ትሉ ለምን እንዳልነካው የጠየቀ የለም። ትል እንደሆነ ስብሰባ አይጠራ።

አፍንጫ ይሄን ቅጠል አንድም ቀን ወደ ቤቱ አስገብቶ አያውቅም። ሽታውን ያውቀዋላ።

የቤቱ ጓሮ ሌላ ዓለም ነው። ጓሮው ድሮ የሚስቱ ወንድም ንብረት ነበር። ሰውየውን ሰፈሩ "ባትሪው" ይለዋል፤ ሥራው የሞተ የመኪና ባትሪ መፈልፈል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ እዚያው ጓሮ በአሮጌ ድስት አቅልጦ መሸጥ ነበር። ወንደላጤ ነው፤ እዚያው ሠርቶ፣ እዚያው በልቶ፣ እዚያው ሞተ። ለእህቱ ቤቱንና ጓሮውን ተወላት፤ ለእህቱ ባል ደግሞ አንድ ክምር ባዶ የባትሪ ቀፎ።

አፍንጫ ቀፎዎቹን ሲያይ ደስ አለው። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ አራት ማዕዘን፤ ሰው ለአበባ ማስቀመጫ ብሎ ከገበያ የሚገዛው ነገር እኮ ነው። አንድ በአንድ አንስቶ አሸተታቸው። የአሲዱ ሽታ ከጠፋ ቆይቷል። በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አደረጋቸው፣ የጓሮውን አፈር ሞላባቸው፣ ቆስጣ ተከለባቸው፣ ጠዋትና ማታ የቧንቧ ውሃ አጠጣቸው። ያ የቤት ቆስጣ ነው። ወንዙ ለሕዝብ፣ ቧንቧው ለቤተሰብ። ሕጉን ያወጣው እሱ፣ ያጸደቀው እሱ፣ የሚያስፈጽመው እሱ። ከሱ ሌላ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ያን ጓሮ እንደዚያ የሚንከባከበው ለልጁ ሲል ነው። አንድ ሴት ልጅ አለችው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቤቷ ከነሱ መንገድ ቀጥሎ ነው። ምሳ በየቀኑ እናቷ ቤት ነው የምትበላው። ያን ጊዜ ሁለተኛዋን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። የመጀመሪያዋ ሦስት ዓመት ያለፋት ሴት ልጅ ናት፤ ከአፏ ቃል አይወጣም ብትሉ ይቀላል። "እማ" ትላለች፣ "ውሃ" ትላለች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች።

"ቁም ነገረኛ ናት" ይላል አፍንጫ። "የሚለፈልፍ ልጅ እኔም አልወድም።" ከዚያ ሳህኑን ወደ ልጁ ይገፋል። "ብዪ እንጂ! የሁለት ሰው ነው የምትበዪው።"

"አባዬ፣ ቅጠል ሰለቸኝ እኮ። ልጁ በግ ሆኖ እንዳይወጣ።"

"ቢወጣም ንጹሕ በግ ነው። ለሕፃኗም ጨምሪላት።"

እንዲህ ተስማምተው እየኖሩ ሳለ የምርመራዋ ልጅ መጣች። ወጣት ናት፣ ነጭ ጓንት፣ አንድ ቦርሳ ሙሉ ላስቲክ። የሚበላ ቅጠል ውስጥ የሚገቡ መርዛም ብረቶችን ነው የምታጠናው። ወንዝ ዳር ያሉትን አትክልተኞች ሰብስባ፣ "ነገ ጠዋት ከየማሳችሁ ትንሽ ቅጠልና ትንሽ አፈር እወስዳለሁ" አለች።

እሷ ስትሄድ ሊቀመንበራችን ቀረ። ሊቀመንበራችን ስለማያውቀው ነገር ረጅም ንግግር ማድረግ ይችላል፤ ስለሚያውቀው ሲናገር እስካሁን አልሰማንም። "ይሄ የሰፈራችን ክብር ነው!" አለ። "ሌሎቹ ሰፈሮችም እየተመረመሩ ነው። ያላችሁን ጥሩ ጥሩ አሳዩ። እንዳታሰድቡን።"

እንዲህ ሲባል ምርመራው ፈተና መሰለ፤ ፈተና ሲመስል ደግሞ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። አፍንጫ አመሻሽ ላይ የእጅ ጋሪ ተውሶ መጣና የጓሮውን ቀፎዎች መጫን ጀመረ።

"ሰውዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?" አለችው ሚስቱ።

"ነገ እንግዳ ይመጣል።"

"እና ቆስጣው እንግዳ ሊቀበል ይሄዳል?"

"የወንዙን ካየችብኝ ማሳዬን ትዘጋዋለች። ከዚያ ምን ልንበላ ነው? በይ ያዢልኝ።"

ቆስጣውን ከነአፈሩ ከቀፎው እየገለበጠ፣ ከመንገዱ አጠገብ ያለው መደብ ላይ በረድፍ ቀበረው። ጠዋት ልጅቷ ስትመጣ እጇን ይዞ እዚያው አቆማት።

"ከዚህ ይሻልሻል ልጄ፤ ወደ ውስጥ ጭቃ ነው፣ ጫማሽ ይበላሻል።"

"አባባ፣ ይሄኛው ከሌላው አነስ አላለም?"

"ዘግይቶ የተተከለ ነው። ለጋ ነው።"

ልጅቷም ጫማዋ አዲስ ነበር። ቆረጠች፣ አፈሩንም ዛቀች፣ ጻፈችበት፣ አመስግና ሄደች። አፍንጫ ማታውን ቆስጣውን ነቅሎ ከነአፈሩ ወደ ቀፎው፣ ቀፎውን ወደ ጓሮው መለሰ። የቤተሰብ ምግብ ሜዳ ላይ አይጣል። እሷ መልሱን ይዛ እስክትመጣ ድረስ ባለው ጊዜ ሁሉ ቤተሰቡ ምሳውን ሳያጓድል በላው።

መልሱ የመጣ ቀን አዳራሹ ሞላ። ወደ ምሳ ሰዓት ነበር። ሊቀመንበሩ ከፍቶ ተናግሮ፣ ሲደክመው ለልጅቷ ሰጣት። እሷ አጭር ናት፤ ቁመቷም ንግግሯም።

"ከወንዙ ዳር የወሰድኳቸው ቅጠሎች አብዛኛዎቹ ክሮሚየም ከልክ በላይ አለባቸው። እሱ ከቆዳ ሥራ ነው የሚመጣው። አንዱ ማሳ ግን ሌላ ነው። እዚያ ያገኘሁት እርሳስ ነው፤ ባትሪ ውስጥ የሚገባው እርሳስ። እንዲህ ያለ መጠን ቅጠል ውስጥ አይቼ አላውቅም። አፈሩማ የባሰ ነው።"

"የማን ማሳ ነው?" አለች ቸርቻሪዋ፣ ከአፍንጫ ቅጠል እየገዛች ጉልት ላይ የምትሸጠው።

ልጅቷ በእጇ ወደ አፍንጫ አመለከተች። አዳራሹ ሁሉ አብሯት ዞረ። አፍንጫ ፈገግ አለ። ሰው ሲገርመው የሚለው ዓይነት ነው፤ ተሳስተሽ ነው ሊላት አፉን ከፈተ።

"ታጥቦስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን አቧራና አፈር ይቀንሳል፤ እጠቡ። ሥሩ ከአፈር ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ግን አያወጣም።"

"ቢቀቀልስ?"

"እሱም አያጠፋውም።"

"ሎሚ ቢጨመቅበትስ?"

"ጎምዛዛ ይሆናል።"

"እኔ እኮ ስበላው ኖሬ ምንም አልሆንኩም!" አለ ሊቀመንበሩ።

ሕዝቡ አየው።  አንዳንድ ነገር ላብራቶሪ አይፈልግም።

ልጅቷ ቀጠለች። "እርሳስ በአንድ ቀን አይጥልም። ትንሽ ትንሽ እያለ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የበለጠ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው፤ አእምሯቸው ገና እየተሠራ ነዋ። ንግግር ያዘገያል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ደም ያሳንሳል። እናት አርግዛ ከበላችው ወደ ፅንሱ ያልፋል። ክፋቱ ደግሞ አይታይም፣ አይቀመስም፣ አይሸትም።"

አይሸትም ስትል አዳራሹ እንደገና ወደ አፍንጫ ዞረ። ያን ጊዜ ፈገግታው የለም። የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል።

"የገረመኝ" አለች ልጅቷ፣ "እርሳሱ ከወንዙ የመጣ አይመስልም። ጎንና ጎኑ ያሉት ማሳዎች እንዲህ የለባቸውም። አባባ፣ እዚያ ቦታ ላይ ባትሪ ያፈረሰ ሰው ነበር እንዴ?"

 አፍንጫ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ምሳ ሰዓት ነው። ተነስቶ ሮጠ።

እሱ ሮጦ አያውቅም። ጉልበቱን የሚያመው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ በሁለት ዙር የሚቀመጥ ሰው፣ በሩን በትከሻው ከፍቶ በረረ።

"ሸሸ!" አለች ቸርቻሪዋ። "አያችሁልኝ? ሸሸ!"

ሊቀመንበሩም ወዲያው "ሰሌዳ እንትከልበት" የሚል ሐሳብ አቀረበ።

አፍንጫ ቤት ሲደርስ ገበታው ቀርቧል። ነፍሰ ጡሯ ልጁ ለሕፃኗ እያጎረሰች ነው። በቀጥታ መጥቶ ሳህኑን በክንዱ ጠረገው። ቆስጣው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

"አባዬ! ምን ሆነሃል?"

"ት... ትል አየሁበት።"

"የአንተ ቆስጣ ትል?" አለች ሚስቱ ጭልፋዋን እንደያዘች። "ይሄ ቆስጣ ትል የሚባል አይቶ ያውቃል? ምን ተገኘ? ንገረኛ!"

አፍንጫ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሕፃኗ አፏ ውስጥ የቀረውን ስታላምጥ አይቶ በጣቱ አወጣላት። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጋሪውን፣ ረድፉን፣ የምርመራዋን ልጅ ጫማ፣ እርሳሱን።

ሚስቱ ቀስ ብላ ጭልፋውን አስቀመጠች። "ወንድሜ" አለች። "መጨረሻው ላይ ሆዱን ሲቆርጠው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ድዱ ላይ ያ ሰማያዊ መስመር ሲወጣ... የወንደላጤ ኑሮ ነው አልን እኮ። ሚስት ያግባ አልን!"

አፍንጫ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ከቀፎው አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ ወደ ፊቱ አስጠጋ። ሳበ። ደግሞ ሳበ። ጥሩ አፈር፣ ጥሩ አፈር ብቻ ነው የሚሸተው። እፍኙን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ልጁ ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ መጣች።

"አንድ ነገር አልገባኝም። የወንዙ መጥፎ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"እ..."

"ታውቅ ነበር፤ እኛን ግን ከዚህ አበላኸን።"

"ለእናንተ ብዬ እኮ ነው ልጄ።"

"ሰውስ? ሰው ምን ይበላ ነበር?"

አፍንጫ እፍኙን አፈር ወደ ቀፎው መለሰ።

"በል ና። ለምርመራዋ ልጅ ልንነግራት ነው" አለችው።

"እሺ፣ ልጅቷን ለብቻዋ ጠጋ ብዬ ሹክ..."

"ሹክ የለም! ክሊኒክ ስሄድ እርሳሱ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁኝ ከወንዝ ልበል? እንዲያ ብዬ ተመልሼ እዚሁ ጓሮ ልጄን ላጫውት? አዳራሹ ውስጥ፣ ጮክ ብለህ ነው የምትናገረው።"

ሕፃኗንም ይዘው ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ስብሰባው አልተበተነም። ሰሌዳው ላይ "አትብሉ" ይባል ወይስ "ባትበሉ ይመረጣል" የሚለው አጨቃጭቋቸዋል። "አትብሉ" በጠባብ ልዩነት አሸንፎ፣ ቀለም ቀቢው ገና እየጻፈ ነው።

አፍንጫ መሃል ላይ ቆመ። ብዙ አልተናገረም። "የወሰደችው ቅጠል የወንዙ አይደለም። ከቤቴ አምጥቼ የቀበርኩት ነው፤ ጫማሽ ይበላሻል ብዬም እዚያው አቆምኳት። ከባትሪ ቀፎ። ለልጆቼ የማበቅለው ነው።"

 ቸርቻሪዋ ከወንበሯ ተነሳች። ስለ እርሳሱ አይደለም የተነሳችው።

"ቆይ፣ ቆይ። ለልጆችህ ለብቻ ነው የምታበቅለው?"

"አዎ።"

"በምን ውሃ?"

"በቧንቧ።"

"እኔ እየገዛሁ የምወስደውስ? ጠዋት ጠዋት 'ለአንቺ የመረጥኩልሽ' የምትለኝስ?"

"የወንዝ።"

"አሃ። እግዜር ይስጥልኝ!" ነጠላዋን አጣፋች። "እኔ ደግሞ ልጆቼን የማበላው እሱን ነው። የአፍንጫ ቅጠል ነው፣ አፍንጫ አሽትቶታል እያልኩ ነው የምሸጠው። በስምህ ነው የምምለው!"

ይሄ ነበር የጎዳው። ስድቡን ሲጠብቅ ነበር፣ ስድብም ወረደበት፤ ግን ያ "አሽትቶታል" የሚለው ነው ያንገዳገደው። እውነት ነው አሽትቶታል። አሽትቶ ነው የሸጠላት።

የምርመራዋ ልጅ አልጮኸችም፤ ከጠቅላላው አዳራሽ ያልጮኸችው እሷ ብቻ ነበረች። ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብላ አየቻት። "ስንት ዓመቷ ነው? ታወራለች?" አለች። መልሱን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። "አባባ፣ ዛሬውኑ ክሊኒክ ይውሰዷት። እናቷንም። ደማቸው ይታይ። ወደዚያ ጓሮ ደግሞ አይመልሷቸው። ከወንዙ ዳር ማሳዎ ነገ ራሴ መርጬ እወስዳለሁ፤ ነጻ ነው አላልኩም።"

"ነገ ምን ጫማ ነው የምታደርጊው?" አለች ቸርቻሪዋ።

"ቦቲ" አለች ልጅቷ፣ ቀላ ብላ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ሰሌዳው ተጽፎ አልቋል። የት ነው የምንተክለው?"

አፍንጫ ቀለሙ ያልደረቀውን ሰሌዳ ከቀለም ቀቢው እጅ ወስዶ በብብቱ ያዘው። ራሱ የጓሮው በር ላይ በሚስማር መታው። ቀለሙ ሸሚዙ ላይ ታትሞ ስለቀረ፣ ከዚያ በኋላ ሸሚዙን በለበሰ ቁጥር ጎኑ ላይ "አትብሉ" የሚል በግልባጩ ይነበብ ነበር።

የሕፃኗ ደም ሲታይ እርሳሱ ብዙ ነው። የእናቷም ከልክ አልፏል። ሐኪሙ ዋናው መድኃኒት ምንጩን ማቆም ነው አላቸው፤ ሌላው ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ እጅ መታጠቡ፣ ደግሞ በየጊዜው መመርመሩ። ልጅየው ተወለደ፤ ትንሽዬ ነው፣ በግ ግን አይደለም። እሱንም እየመረመሩት ነው። ቤተሰቡ ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ልብስ ሰፊዋ ልጅ ቤት ተጠጋ፤ አፍንጫ አሁን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ነው የሚተኛው።

ከወንዙ ዳር ማሳው በሁለተኛው ምርመራ እንደዚያኛው ብዙ እርሳስ አልተገኘም። ክሮሚየሙና ካድሚየም የሚሉት ሌላ መርዛም ብረት ግን ከልክ በላይ ተገኘ። ፋብሪካው በጣም አዘነ፤ ከማዘኑም የተነሳ ለሰፈሩ በነጻ የብረት ሰሌዳ ሠርቶ ሰጠን። "ከዚህ ቦታ የበቀለ ቅጠል አትብሉ" ይላል። ከሥሩ በአረንጓዴ ቀለም "አረንጓዴ ነገን እንገንባ" የሚል አለበት። ምርቃቱ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሪባን ቆረጠ። ውሃው ያን ቀን ሰማያዊ ነበር።

የባትሪ ቀፎዎቹንና የጓሮውን አፈር ምን እናድርገው ሲባል ሊቀመንበራችን "ወንዝ ውስጥ እንጣለው" አለ። አፍንጫ እንዳይጥሉት ሄዶ ክምሩ ላይ ሊቀመጥበት ሲል የምርመራዋ ልጅ፣ አፈሩ መርዝ ነው ብላ ጎትታ መለሰችው። ከዚያ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ከመሥሪያ ቤቷ የሚመለከታቸው ሰዎች መኪና ይዘው መጥተው እስኪወስዱት ድረስ፣ ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ሰው ሲያልፍ ይሰድበዋል። እሱ ቁጭ።

ቅጠል አይሸጥም አሁን። ሰው ግን አመል ሆኖበት ወተቱን ይዞ ይመጣል፤ ቸርቻሪዋም ሳትቀር፣ እየተሳደበች። "ሽታውን ብቻ ንገረኝ፤ ሌላውን አላምንህም" ትለዋለች። ይነግራታል።

ባለፈው እሷ ብርጭቆዋን ይዛ ቆማ ሳለ፣ ሕፃኗ ከውጭ እየሮጠች መጣች። አሁን ትንሽ ትንሽ ታወራለች፤ እኩዮቿን ግን አልደረሰችም፣ ትደርሳለች ብሎ ቃል የገባም ሐኪም የለም። በእጇ ከመንገድ ያነሳችው አንድ ቅጠል ይዛለች። ሰው ሁሉ አያቷ ዘንድ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታለች። እጇን ወደ አፍንጫው ዘረጋች።

"አያዬ፣ ይበላል?"

አፍንጫ ተቀበላት። ዓይኑን ጨፈነ፣ ሳብ አደረገ፣ ቆየ። ቸርቻሪዋም ብርጭቆዋን ይዛ ጠበቀች።

"አላውቅም" አለ።

"ምን አልክ?" አለች ቸርቻሪዋ።

"አላውቅም አልኩ!"

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ለሥራ አስኪያጁ ንገሩት" አለች። "ለዚህም 'አላውቅም' የሚል ሰሌዳ ይሠራለት።"

አፍንጫ አልሰማትም። ሕፃኗን ብድግ አድርጎ፣ እጇን ሊያስታጥባት ወደ ቧንቧው እየወሰዳት ነበር።